ታሪኩ ባሕር ዳር አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ጎንደር የሚደርሰው ዜናው ካረጀ በኋላ ነው። እኔም የምገዛው ለዜናው ሳይሆን ከኋላ ላሉት አምዶች ነው። በቅርቡ ከእነዚሁ ባንዱ ላይ ልጃገረዶች ስለሚያነቧቸው የፈረንጅ የፍቅር ልብ ወለዶች ተጽፎ አየሁ። ቫምፓየር የሚሉት ደም መጣጭ ያለባቸውን፣ ሙት የሚነሣባቸውን፣ ሁሉም ነገር ባሕር ዳርቻ ላይ የሚሆንባቸውን ማለቴ ነው። ጸሐፊው እነዚህ መጻሕፍት መንፈስ ይጠራሉ፣ ወላጅ ከልጁ እጅ ይንጠቅ ብለዋል።

እኔ ነጥቄ አይቻለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፎቶ ኮፒ። ከጥግ ባለ አንድ መደርደሪያ ደግሞ አሮጌ መጻሕፍት አከራያለሁ። ኪራዩ ድሮ ጥሩ ነበር። አሁን ልጆቹ በቴሌግራም ፒዲኤፍ ስለሚቀባበሉ መደርደሪያው አቧራ ጠጥቷል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዩኒፎርም የለበሱ ሦስት ልጃገረዶች ገቡ። «ጋሼ፣ ሦስተኛው ደብተር መጣ?» አሉኝ። «ባለ ስንት ቅጠል?» አልኳቸው። ተያዩ። አፋቸውን ይዘው ሳቁና «ተዉት» ብለው ወጡ። በማግሥቱ ሌሎች ሁለት መጡ። ያው ጥያቄ። በሦስተኛው ቀን አንዷ ብቻዋን መጣችና እጇን ባንኮኒው ላይ አድርጋ «እባክዎ፣ ልጁ ይሙት ይኑር እንኳ ይንገሩኝ» አለችኝ።

ማን ልጅ?

ማታ ቤት ስገባ የልጅ ልጄን ጠየቅኋት። አሥረኛ ክፍል ናት፤ ከእኛው ጋር ነው የምትኖረው። መጀመሪያ ካደች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ ከፍራሿ ሥር አወጣችው። ለካ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ከስልኳ እያነበበች፣ ምዕራፍ በምዕራፍ፣ በእጇ ወደ አማርኛ እየመለሰች በደብተር ትጽፋለች። ሁለት ደብተር ጨርሳለች። ሁለቱም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ከርመው የአንደኛው ሽፋን ተገንጥሏል። ደብተሮቹ ከእኔው ሱቅ የተወሰዱ ናቸው። ሒሳባቸው እስካሁን አልተከፈለም።

ሦስተኛውን ከሁለቱ ጋር ነጠቅኳት። እንደ አምደኛው ምክር ማለት ነው።

በማግሥቱ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲጠፋ መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ልጅቱ 17 ዓመቷ ነው። እናትና አባቷ ተፋተው አያቷ ዘንድ ትላካለች። አያቷ የምትኖረው ሰሜን እንግሊዝ አንዲት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ውስጥ ነው። ክረምት ነው፣ የሽርሽር እንግዶች ሄደዋል፣ ሱቆቹ ተዘጋግተዋል፣ ጉም ከባሕሩ እየተነሣ መንገዱን ይሸፍናል። ትምህርት ቤት ውስጥ ከማንም ጋር የማይበላ አንድ ልጅ አለ። እጁ ቀዝቃዛ ነው። የቀረውን እናንተም ትገምቱታላችሁ። እኔም ገምቼ ነበር፤ ግን ማንበቤን አላቆምኩም።

መጀመሪያ ያሳቀኝ የከተማዋ ነገር ነው። የልጅ ልጄ መጽሐፉ ላይ ያገኘችውን «የባሕር ዳር ከተማ» ብላ መልሳዋለች። ትክክል ነው፤ ከተማዋ ያለችው ባሕር ዳር ነው። ግን ከአንባቢዎቿ ግማሾቹ ታሪኩ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የተፈጸመ መስሏቸዋል። አንዷ «ባሕር ዳር እንዲህ ይበርዳል እንዴ?» ብላ ደብተሩ ዳር ላይ በእርሳስ ጽፋለች። ሌላዋ እዚያ አክስት አለቻት፤ ደውላ «የምታውቂው ማታ ማታ ብቻ የሚወጣ ቤተሰብ አለ ወይ?» ብላ ጠይቃታለች አሉ። እኛ ጎንደሮች ደግሞ ስለ ባሕር ዳር ክፉ ወሬ ሲወራ ለማስተባበል አንቸኩልም። ባሕር ዳሮች እንዳትቀየሙኝ። «ዳርቻ» በይው አልኳት። አሁን «የባሕር ዳርቻ ከተማ» ሆኗል።

ቀጥሎ ያለው ግን አላሳቀኝም፤ አበሳጨኝ። «ማዕበሉ በቀን ሁለት ጊዜ ከተማዋን ለቆ ይሄዳል» ይላል። ማዕበል አይሄድም! ማዕበል ይመታል። የሚሄደው ራሱ ባሕሩ ነው። ከመሳቢያው ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁና ሰረዝኩት። ከበላዩ አርሜ ጻፍኩ። ከዚያ ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ። ያንንም አረምኩ። ባለቤቴ ምሳ ይዛ ስትመጣ አራተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ። «ልትቆጣት ሄደህ አራሚዋ ሆንክ?» አለችኝ።

ምን ላድርግ? ባሕር አውቃለሁ። ከ1971 እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበርኩ፤ ሞተር ክፍል። ልጅነቴ ደምቢያ ነው። ከዚያ በፊት ያየሁት ትልቅ ውሃ ጣና ብቻ ነበር። ምጽዋ የደረስኩ ቀን እንደ ጣና መስሎኝ ዘፍቄ ጠጣሁት። አስታወከኝ። እንዲህ የሳቁብኝ ልጆች ስምንት ወር ሙሉ «ጠጪው» ነበር የሚሉኝ።

የልጅ ልጄ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። «አባባ፣ ባሕር ላይ ነበሩ?» አለችኝ፣ ሌላ ሰው እንዳየ ሰው። ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር የሆነችው በ1985 ዓ.ም. ነው። ይቺ ልጅ ስትወለድ ባሕር የሌለን 16 ዓመት ሆኖን ነበር። የፖለቲካውን ነገር ለሌላ ደብዳቤ ልተወው። እኔ የምላችሁ፣ የዚህ ትውልድ ልጅ ስለ ባሕር ማወቅ ሲፈልግ የሚጠይቀው ሰው የለውም። ከቫምፓየር ቢጠይቅ ይፈረድበታል?

ስለዚህ እኔን ጠየቀችኝ። ባሕር ለምን ይሄዳል አለች። የደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ ምድርንና ጨረቃን ሣልኩላት። ጨረቃ ውሃውን ትስባለች፣ ውሃውም በእሷ በኩልና በተቃራኒው ጎን ይነሣል፣ ምድር ከሥሩ ትዞራለች፣ ስለዚህ አንድ ጊዜ ከሞላ ከ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ እንደገና ይሞላል። ጨረቃም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለምትዘገይ ሰዓቱም አብሮ ይዘገያል። ምጽዋ ላይ ብዙ አይደለም፤ ከፍታው ወደ አንድ ሜትር ገደማ ነው። እንግሊዝ ግን ሌላ ነው። በምዕራብ በኩል ብሪስቶል አካባቢ ውሃው ከ10 ሜትር በላይ ይነሣል ይወርዳል። ጀልባ ጠዋት ተንሳፍፎ የነበረበት ቦታ ላይ ከሰዓት ጭቃ ውስጥ ጋደም ብሎ ታገኙታላችሁ።

ሌሊት ስለሚያበራው ውሃም ነገርኳት። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት የመርከባችን ፕሮፔለር የቆረጠው ውሃ አረንጓዴ እየሆነ ያበራ ነበር። በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ሲነካኩ የሚሰጡት ብርሃን ነው። ስለ ሙቀቱም፣ ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ እንደሚተኛም አወራኋት። አንድ የወሎ ልጅ ጓደኛችን ደግሞ ዳህላክ በኩል ልጇን የምታጠባ ሴት ውሃ ውስጥ አየሁ ብሎ ማለ። ዱጎንግ ነበረች፤ የባሕር ላም የሚሏት። ቀይ ባሕር ውስጥ ትኖራለች፤ ጡቷ ከክንፏ ሥር ነው። የዓሣ ጭራ ያላቸው ቆነጃጅት ወሬ ከእሷና ከዘመዶቿ የመጣ ነው ይባላል። ኮሎምበስም እ.ኤ.አ. በ1493 ከእነዚሁ ዘመዶች ሦስት አይቶ፣ እንደሚሣሉት ቆንጆ አይደሉም ብሎ መዝግቧል። የወሎው ልጅ ግን ቆንጆ ናት ብሎ ድርቅ አለ። ስምንት ወር መርከብ ላይ ለነበረ ሰው አይፈረድበትም። ምጽዋ ላይ እኔም የማወራው ነበረኝ፤ ግን ይህን ጋዜጣ ባለቤቴም ስለምታነበው እዚህ ላይ ላቁም።

እዚያ ሰፈር ለምን ቫምፓየር እንደሚበዛ በኋላ ገባኝ። ብራም ስቶከር የሚባለው አየርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ ድራኩላ የሚባለውን ቫምፓየር እንግሊዝ ያስገባው ዊትቢ በምትባል የሰሜን ምሥራቅ ወደብ ነው። መርከቧ በማዕበል ተገፍታ ትመጣለች። ላይዋ ላይ መሪው ላይ የታሰረ የካፒቴኑ ሬሳ ብቻ ነው ያለው። አንድ ትልቅ ውሻ ከውስጧ ዘሎ ወርዶ በጨለማው ይጠፋል። ውሻው እሱ ነው። ያን ጊዜ የተጻፈለትን ሕግ እስከ ዛሬ የሚያከብሩ አሉ። የሚፈስ ውሃ መሻገር የሚችለው ባሕሩ ሲሞላ ወይም በመሙላትና በመጉደል መካከል ጸጥ ሲል ብቻ ነው። ካልጋበዙት ደግሞ ሰው ቤት አይገባም። እንግዲህ የባሕሩ መሄድና መምጣት ጌጥ አይደለም ማለት ነው። ልጁ ልጅቱ ዘንድ መድረስ አለመድረሱ በእሱ ነው የሚወሰነው። የልጅ ልጄ «ማዕበል» ብላ ብታልፈው ኖሮ ታሪኩ ይፈርስ ነበር።

በነገራችን ላይ ይኸው ቫምፓየር ጎንደር ቢመጣ ግብዣ አያጣም። ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ካለ በቃ ገባ። ችግሩ የሚጀምረው ከገባ በኋላ ነው። ባለቤቴ ሳታጎርስ አትለቀውም። ነጭ ሽንኩርት ይፈራል ይላሉ፤ ሽሮዋ ደግሞ ግማሹ ነጭ ሽንኩርት ነው። እንቢ ቢል «በሞቴ!» ትለዋለች። እሱ ራሱ የሞተ ሰው ነው፤ ምን ብሎ ይመልሳል?

አሁን ወደ መንፈስ ጠሪነቱ ልምጣ። አምደኛው ሆይ፣ ጎንደር መንፈስ ከእንግሊዝ አታስመጣም። እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ እዚህ ወራት ተቀምጦ የዛሮችንና የፈረሶቻቸውን ነገር ሲጽፍ ነበር። የዛሩን አመጣጥ ድሮ እንዲህ ብለው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ልጆችሽን አሳዪኝ ሲላት ዓይን ፈርታ የሚያማምሩትን 15 ደበቀች። እንደ ተደበቁ ይቅሩ ተባሉ። ዛሮች እነሱ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ መልከ መልካም፣ የማይታይ፣ የማያረጅ፣ ሲወድ ልብ የሚያጠፋ። የልጅ ልጄ ይህን ስነግራት «አባባ፣ ይኼ እኮ እሱ ነው!» አለች። እንግሊዞቹ ጉሙን ጨመሩበት እንጂ ልጁ የእኛ ነው።

ቋንቋችንም ያውቀዋል። ጎረምሳ መንገድ ላይ ልጃገረድ ሲያስቸግር «ለከፋት» እንላለን። ቀትር ላይ ወንዝ ወርዳ ታማ የተመለሰችውንም «ተለክፋ ነው» እንላለን። ያው ግስ ነው። እናቴ እህቶቼን ቀትር ላይ ውሃ ቅዱ ብላ ልካ አታውቅም። የፈራችው ጋኔኑን ይሁን ጎረምሳውን እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሁለቱንም ይመስለኛል።

እኔም ከመጽሐፉ ያልወደድኩት ነገር ይኸው ልክፍቱ ነው። ምዕራፍ 9 ላይ ልጁ ሌሊት በመስኮት ገብቶ ልጅቱ ስትተኛ ቆሞ ያያታል። እሷ ስታውቅ ደስ ይላታል። እዚህ ላይ ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ደግሞ 17 ይምሰል እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። እኔ 66 ዓመቴ ነው። መቶ ዓመት ያለፈው ሰው አሥረኛ ክፍል ያለች ልጅ ቢያጭ ሽማግሌ አይላክለትም፤ ዱላ ነው የሚላክለት። ይህን አልጻፍኩም፤ ጠርቼ ጠየቅኋት። «አንቺ ብትሆኚስ፣ በመስኮት ቢገባ?»

«ፖሊስ ነዋ የምጠራው» አለች፣ ሳታስብ።

«ታዲያ እዚህ ላይ?»

«አባባ፣ ይኼ ልብ ወለድ ነው» አለችኝ። ድምጿ ትንሽ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ነበር።

እናቴ የተዳረችው በ12 ዓመቷ ነው። ባሏን ያየችው የሠርጉ ዕለት ነው፤ አባቴን ማለቴ ነው። ሕጉ 18 የሚለው በኋላ የመጣ ነው። እናቴ በሕይወት ኖራ ይህን ደብተር ባነብላት ስለ ቫምፓየሩ ምንም የምትል አይመስለኝም። የምታስቆመኝ ልጅቱ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» እያለች ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ስታስብ ነው። «ማን ጠይቋት ነው የምታስበው?» ትለኝ ነበር።

አምደኛው የፍቅር ታሪክ ካማራቸው የራሳችንን ያንብቡ ብለዋል። እስማማለሁ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው «ጦቢያ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ሲታተም እሱም የወጣቶች ፍቅር ነበር፤ ወንድ መስላ ስለምትሄድ ልጃገረድ። ጸሐፊው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም ጣና ዳር፣ ዘጌ የተወለዱ ናቸው። ግን ከዚያ ወዲህ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ተብሎ፣ እዚሁ እኛ ውሃ ዳር የተጻፈ የሚያስፈራ የፍቅር ታሪክ ከመደርደሪያዬ ላይ ፈልጌ አጣሁ። ግንቡ አለን፣ ጉሙ አለን፣ እንግዳው ከጥምቀት ማግሥት ሲበተን ከተማዋ ጭር ማለቷም አለን። የልጅ ልጄ አንድ ጊዜ ራሷ ልትሞክር ነበር። አፄ ፋሲል ዐፅማቸው ዳጋ እስጢፋኖስ እንዳለ ሰምታ፣ ሴት ከማትረግጠው ደሴት ሌሊት በታንኳ የሚመጣ ልጅ አለ ብላ ጀመረች። «ተይ! የተቀደሰ ቦታ ነው» አልኳት። ታንኳውን ወደ ጎርጎራ አዞረችው። ያንንም አላየችም፤ ጎርጎራ ቅርባችን ነው፣ ግን በዚህ ጊዜ መንገድ እንደ ልብ አይደለም።

ደብዳቤዬን የምቋጨው በጥያቄ ነው። ትርጉሟ ምዕራፍ 14 ላይ ቆሟል። ባሕሩ የሚሄድበትና የሚመለስበት ቁልፍ ቦታ ነው። ቃል አጣን። እኛ ባሕር ኃይል ውስጥ በፈረንጅኛው «ታይድ» ነበር የምንለው። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ ያገኘሁት በአንድ ትንፋሽ የማይነበብ ነገር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ባንኮኒው ላይ ስንከራከር አንድ የደምቢያ ገበሬ ለልጆቹ ደብተር ገዝቶ መልስ እየጠበቀ ነበር። «ውሃው ሸሽቶ መሬቱ ሲቀር ነው የምትሉት?» አለን። አዎ አልነው። «ባሕር ሸሽ ነዋ!» አለ። «ክረምት የሞላው ጣና በበጋ ሲሸሽ የሚለቀው መሬት፤ እኛ እንዘራበታለን።»

እኔ የደምቢያ ልጅ ነኝ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ሰባት ዓመት ምጽዋ ስኖር አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። የልጅ ልጄ እዚያው ቆማ ጻፈችው። ሰውየው መልሱን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል «ሲመለስስ ምን ትሉታላችሁ?» አለችው። ትንሽ አሰበ። «ሲመለስማ እኛ እንሸሻለን» ብሎ ሄደ።

ስለዚህ የባሕሩን መመለስ በአንድ ቃል የሚጠራበት አገር ሰው፣ ወይም ከምጽዋና ከአሰብ የቀድሞ ባሕረኞች የሚያስታውስ ካለ በዚሁ ጋዜጣ ቢጽፍልን። ቫምፓየሩ ከወንዙ ማዶ ቆሟል። ልጆቹም በየቀኑ ሱቅ እየመጡ ሦስተኛው ደብተር ወጣ ወይ ይሉኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ባሕረኛ፣ አሁን ደብተር ሻጭ
ጎንደር